ሰሙ ተፈጥሮ፣ ወርቁ አገር፦ የኢስቶኒያ ብሔራዊ ፓርኮች ታሪክ

በሶቪየት ኅብረት ምድር የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ የተቋቋመው በሳይቤሪያ ጫካ ወይም በካውካሰስ ተራሮች መሐል አይደለም። የተቋቋመው በባልቲክ ባሕር ዳር በምትገኘው፣ የቆዳ ስፋቷ 45 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በሆነችው በትንሿ ኢስቶኒያ ነው። ዕለቱ ጁን 1 ቀን 1971 ነበር (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የዱር ሀብቷ ተቆጥሮ የማያልቀው ሩሲያ የራሷን የመጀመሪያ ብሔራዊ ፓርኮች ያቋቋመችው አሥራ ሁለት ዓመት ዘግይታ፣ በ1983 ነው።

ሕዝቧ ዛሬም ከ1.3 ሚሊዮን ብዙ የማይዘል፣ ያኔ ደግሞ የራሷ መንግሥት ያልነበራት አገር እንዴት ቀደመች? እንደ እኔ እንደ እኔ መልሱ ያለው በሰዎቹ ብልሃት ላይ ነው። የኢስቶኒያ ተፈጥሮ ጠባቂዎች ገዢው በሚወደው ቋንቋ እያወሩ የራሳቸውን ጉዳይ ማስፈጸም ተክነውበት ነበር። ፓርኩ ሰምና ወርቅ ነበረው፤ በውሳኔው ላይ የሰፈረው ሰም ዛፍ፣ ወፍና ድንጋይ ሲሆን ወርቁ አገር ነበር። ይህ ብልሃት ግን በአንድ ጀንበር አልመጣም። ከኋላው የስድሳ ዓመት ልምምድ አለው።

ታሪኩ የሚጀምረው ከእንቁላል ነው። ከምዕራባዊቷ ትልቅ ደሴት ከሳሬማ ባሻገር ቪልሳንዲ የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። ከእሷ ራቅ ብለው ደግሞ ቫይካ የሚባሉ ድንጋያማ ደሴቶች ከባሕሩ ብቅ ብለው ይታያሉ። የባሕር ወፎች በየጸደዩ እዚያ ይጥላሉ፤ የአካባቢው ሰዎችም በጀልባ እየሄዱ እንቁላሉን ይለቅሙ ነበር። የበረዶው ወራት አልፎ ጎተራ በሚጎድልበት ጊዜ የሚገኝ ምግብ በመሆኑ እንደ ጥፋት የሚቆጥረው አልነበረም። ይሁንና ለቃሚው በዛ፤ ወፉም ተመናመነ።

የቪልሳንዲ የመርከብ መብራት ማማ ጠባቂ አርቱር ቶም ይህ አሳሰበው። ኢስቶኒያ ያኔ በሩሲያ ዛር ሥር ናት፤ ለእነዚያ ወፎች የሚቆም መሥሪያ ቤት የለም። ቶም የያዘው መንገድ ታዲያ የኪራይ ውል ነበር። ደሴቶቹ የኪሄልኮና ቤተ ክርስቲያን ይዞታ ስለነበሩ፣ በሪጋ ከነበረው የተፈጥሮ ተመራማሪዎች ማኅበር ጋር ተባብሮ ከቤተ ክርስቲያኑ ተከራዩዋቸው። ኦገስት 14 ቀን 1910 ቫይካ የወፎች ጥብቅ ስፍራ ሆነች። በባልቲክ አገሮች የመጀመሪያው የተፈጥሮ ጥብቅ ስፍራ ይህ ነው። ተከራይ በተከራየው ቤት ሌባ የመከልከል መብት አለውና፣ ቶምም እንቁላል ለቃሚውን ለመመለስ የነበረው ጉልበት ይኸው ነበር። በዘመኑ በነበረው ሕግ ውስጥ ቀዳዳ ፈልጎ ሥራን መሥራት በኋላ የመጡት ሁሉ የሚደጋግሙት ዘዴ ሆኗል።

የቶም መጨረሻ አላማረም። በ1941 የሶቪየት ባለሥልጣናት አስረው ወደ ሩሲያ ወሰዱት፤ በሚቀጥለው ዓመት በእስረኞች ካምፕ ውስጥ ሞተ።

በመሐሉ ኢስቶኒያ በ1918 ነጻነቷን አውጃ ሁለት አሥርት ዓመታት በራሷ ስትተዳደር የተፈጥሮ ጥበቃ የመንግሥት ሥራ ሆኖ ነበር። የመጀመሪያው የተፈጥሮ ጥበቃ ሕግ በ1935 ወጣ፤ በማግሥቱ ዓመት የዕፅዋት ተመራማሪው ጉስታቭ ቪልባስቴ ተቆጣጣሪ ሆኖ ተሾመ። መሥሪያ ቤቱ ጥብቅ ስፍራዎችን ከመከለል ሌላ ነጠላ ነገሮችንም ይመዘግብ ነበር፤ ዕድሜ ጠገብ ዛፍ፣ የባላባት ግቢ አጸድ፣ ከበረዶ ዘመን የቀረ ቋጥኝ። የበረዶ ግግር ከስካንዲኔቪያ በኩል ጠርጎ ያመጣቸው፣ አንዳንዶቹም ጎጆ የሚያካክሉ ቋጥኞች በሰሜኑ ዳርቻ ተበትነው ይገኛሉ፤ ስምና ተረት ያላቸውም ብዙ ናቸው። ቋጥኝ በመዝገብ ማስፈር ለሩቅ ሰው ቀልድ ይመስል ይሆናል። ለዘመናት የጀርመን ባላባትና የሩሲያ ዛር ሲፈራረቁበት ለኖረ ገበሬ ግን በአገሩ ሕግ፣ በአገሩ ቋንቋ የሰፈሩን ድንጋይ ተመዝግቦ ማየት ቀላል ነገር አልነበረም። በ1940 ሶቪየት አገሪቱን ስትይዝ ያ ሁሉ መዝገብ ዋጋ አጣ።

ከጦርነቱ በኋላ ነገሩ መልሶ ያንሰራራው በሳይንስ ስም ነው። በ1955 በኢስቶኒያ የሳይንስ አካዳሚ ሥር የተፈጥሮ ጥበቃ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ መሪው የወፍ ተመራማሪው ኤሪክ ኩማሪ ነበር። ጁን 7 ቀን 1957 የወጣው የኢስቶኒያ የተፈጥሮ ጥበቃ ሕግ በመላው ሶቪየት ኅብረት በዓይነቱ የመጀመሪያው ሲሆን የሩሲያው የተከተለው በ1960 ነው። በዚያው በ1957 ማትሳሉ፣ ኒጉላ፣ ቪዱማኤና ያች የድሮዋ ቫይካ ጥብቅ ስፍራ ተብለው ተከለሉ።

ጥብቅ ስፍራ በሶቪየት አሠራር ሰው ዝር የማይልበት ማለት ነው። ተመራማሪ ይገባል፣ ጠባቂ ይገባል፤ ሌላው በሩቁ። ብሔራዊ ፓርክ ግን ሕዝብ የሚገባበት፣ ከፈለገም የሚያድርበት ስፍራ ነው፤ ለሞስኮ ደግሞ ይህ ከአሜሪካና ከምዕራብ አውሮፓ የመጣ ሐሳብ ነበር። ከሁሉ በላይ «ብሔራዊ» የሚለው ቅጽል ራሱ ጆሮ ያስቀስር ነበር፤ የየትኛው ብሔር? ለምን?

ይህን ግድግዳ የገፉት ሰዎች ከሁለት ወገን የመጡ ናቸው። በ1958 በዩኒቨርሲቲ ከተማዋ በታርቱ ያን ኤይላርት የሚባል ወጣት የተማሪዎች የተፈጥሮ ጥበቃ ክበብ አቋቋመ፤ እንዲህ ያለው ክበብ በሞስኮ የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። በ1966 ደግሞ የኢስቶኒያ የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር ተመሠረተ። የማኅበሩ መሪ የሪፐብሊኩ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ምክትል ሊቀመንበር የነበረው ኤድጋር ቶኑሪስት ነው። ኤይላርት ሐሳብና ወጣት አመጣ፤ ቶኑሪስት ደግሞ ማኅተም ያለበትን ጠረጴዛ። ቶኑሪስት የፓርቲ ሰው ነበር፤ ስሙ በዛሬው የነጻነት ትረካ ውስጥ እምብዛም ጎልቶ አይነሳም። ያለ እሱ ፊርማ ግን የኤይላርት ክበብ በየጫካው ሲሰበሰብ በኖረ ነበር።

የተመረጠው ቦታ ከታሊን በስተ ምሥራቅ፣ በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ የሚያስኬደው የሰሜኑ ባሕር ዳርቻ ነው። አራት ልሳነ ምድሮች እንደ ጣት ወደ ባሕሩ ይገባሉ፤ በመካከላቸው ባሕረ ሰላጤዎች አሉ። ላሄማ የሚለውን ስም ያወጣለት በታርቱ ያስተምር የነበረው ፊንላንዳዊው የመልክዓ ምድር ሊቅ ዮሃነስ ገብርኤል ግራኖ ነው፤ ትርጉሙም የባሕረ ሰላጤ ምድር ነው። ፓርኩ ባሕሩን ጨምሮ ከ700 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሸፍናል።

ላሄማ ሰው ያልረገጠው ዱር አልነበረም፤ ዛሬም አይደለም። በውስጡ የዓሣ አጥማጆች መንደር አለ፣ እርሻ አለ፣ የሶቪየት የኅብረት እርሻም ነበረበት፣ የድሮ የጀርመን ባላባቶች ግቢዎች አሉ። መሥራቾቹ ገበሬውን አስወጥተው አጥር ቢያጥሩ ለሞስኮ ይበልጥ የሚገባት ነገር ይሆን ነበር። እነሱ ያደረጉት የዚህን ተቃራኒ ነው። የፓርኩ ዓላማ ተፈጥሮንና የሰውን ቅርስ አንድ ላይ መጠበቅ ነው ብለው ጻፉ፤ ሰው ያበጀው መልክዓ ምድር የሚጠበቀው ሰው ሲኖርበት ነውና። ለእኔ የኢስቶኒያ ፓርኮች ታሪክ ትልቁ ቁም ነገር ይኸ ነው።

በአልትያ መንደር ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን የሚያኖሩባቸው የእንጨት ጎጆዎች ባሕሩ አፍ ላይ ቆመዋል። ፓርኩ በ1970ዎቹ ካደሳቸው ነገሮች መካከል እነዚህ ይገኙባቸዋል። አስቂኙ ነገር፣ ጎጆዎቹ ሲታደሱ ወደ ባሕር የሚወጣ ሰው እንደ ልቡ አልነበረም። ዳርቻው ከፊንላንድ ትይዩ የሶቪየት ድንበር ነበር። በ1944 በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ኢስቶኒያውያን በጀልባ ወደ ስዊድን ሸሽተው ስለነበር ጀልባ የጥርጣሬ ዕቃ ሆኖ ቀረ። ወደ ዳርቻው ለመግባት የይለፍ ወረቀት ያስፈልግ ነበር። የድንበር ወታደሮች የባሕር ዳሩን አሸዋ ማታ ማታ እያለሰለሱ ያስተካክሉት ነበር፤ ጠዋት የእግር ዱካ ከታየበት አንድ ሰው ወጥቷል ወይም ገብቷል ማለት ነው። በሃራ ባሕረ ሰላጤ፣ እዚያው ፓርኩ ውስጥ፣ የባሕር ሰርጓጅ መርከቦችን መግነጢሳዊ ምልክት የሚቀንስ ወታደራዊ ጣቢያ ነበር። የኮንክሪቱ ፍርስራሽ ዛሬም ከባሕሩ ላይ ይታያል።

እዚህ ላይ ሳይወዱ በግድ የሚመጣ ሐቅ አለ፤ ያ ሽቦና ወታደር ዳርቻውን ከመዝናኛ ቤትና ከሆቴል ግንባታ ጠብቆታል። ተፈጥሮ ወዳዱ የተጠቀመው ከጠላቱ ነው።

እዚያው ላሄማ ውስጥ ባለው በካስሙ መንደር ከ1884 እስከ 1931 የመርከበኞች ትምህርት ቤት ስለነበር የመርከብ አዛዥ ያላወጣ ቤት እምብዛም አይገኝም ይባላል። በመንደሩ የነበረው የወታደሮቹ የድንበር ጣቢያም ከ1993 ጀምሮ የባሕር ሙዚየም ሆኗል።

በፓርኩ ውስጥ ካሉት የባላባት ግቢዎች ከሁሉ የሚገርመው የፓልምሴ ግቢ ነው። ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ እስከ 1919ኙ የመሬት አዋጅ ድረስ የፎን ደር ፓለን ቤተሰብ ርስት ነበር፤ የኢስቶኒያ ገበሬ ገባር ሆኖ ያረሰበት፣ የተገረፈበት ዓይነት ቤት ማለት ነው። በሶቪየት ዘመን ባላባት የመደብ ጠላት ነው፤ በኢስቶኒያዊው ትዝታ ደግሞ ጀርመናዊው ጌታ ነው። ከሁለቱም ወገን ወዳጅ አልነበረውም። ፓርኩ ግን ከ1970ዎቹ ጀምሮ ዋናውን ቤት፣ ጋጣውን፣ የአረቄ ማውጫውን፣ ኩሬውንና አጸዱን አንድ በአንድ አሳደሰ፤ በ1980ዎቹ አጋማሽ ላይ ለሕዝብ ተከፈተ። በሠራተኛው መንግሥት ገንዘብ የባላባት ቤት ታደሰ ማለት ነው! ግንቡን ያቆመው፣ ጣሪያውን ያዋቀረው የኢስቶኒያ እጅ በመሆኑ ቤቱም የእኛ ነው የሚል ሐሳብ ከዚያ በኋላ ሥር ሰደደ። አጠገቡ የሚገኘው የሳጋዲ ግቢም በ1987 የደን ሙዚየም ሆነ።

ላሄማን የላትቪያው የጋውያ ፓርክ በ1973፣ የሊትዌኒያው የመጀመሪያ ፓርክ ደግሞ በ1974 ተከተሉ። ሦስቱ ጎረቤታሞች ዘዴውን ተቀባበሉት።

ይህ ሁሉ ሰም ለበስ ሥራ ወርቁን ያወጣው በ1987 ነው። የሞስኮ ሹሞች በሰሜን ምሥራቅ ኢስቶኒያ፣ ከላሄማ ብዙም በማይርቀው በቪሩማ ምድር፣ ለማዳበሪያ የሚሆን ፎስፎራይት በሰፊው ለማውጣት ማቀዳቸው በቴሌቪዥን ተሰማ። ሕዝቡ የፈራው ሁለት ነገር ነው፤ የከርሰ ምድር ውሃው መበከልና ከሌላ የሶቪየት ግዛት የሚመጣ ብዙ ሺህ ሠራተኛ። የታርቱ ተማሪዎች የሜይ ዴይን ሰልፍ ለተቃውሞ ተጠቀሙበት፤ ጋዜጦች ጻፉ፣ ሳይንቲስቶች ተከራከሩ፣ ዕቅዱም ቀረ። ኢስቶኒያውያን ይህን ዘመን የፎስፎራይት ጦርነት ይሉታል፤ ጥይት አልተተኮሰበትም። ስለ ነጻነት መናገር በሚያስፈራበት ጊዜ ስለ ውሃ መናገር ይቻል ነበር። ከዓመት በኋላ የመዝሙር አብዮት የተባለው እንቅስቃሴ ሲነሳ፣ በፎስፎራይት ላይ ድምፁን ያሰማ ሕዝብ በዝማሬውም ውስጥ ነበር። ኦገስት 20 ቀን 1991 ነጻነት ተመለሰ።

አዲሱ መንግሥት ከመጀመሪያ ሥራዎቹ አንዱ ፓርክ ማብዛት ሆነ። በ1993 ሶማ፣ ካሩላና ቪልሳንዲ ብሔራዊ ፓርክ ተባሉ፤ የቶም ቫይካም በቪልሳንዲ ውስጥ ተጠቃለለች። ማትሳሉ በ2004 ከጥብቅ ስፍራነት ወደ ብሔራዊ ፓርክነት ተሸጋገረ። ስድስተኛው አሉታጉሴ፣ ድብና ተኩላ የሚኖርበት የምሥራቁ ጫካ፣ ሪፐብሊኩ የመቶኛ ዓመት ልደቱን ባከበረበት በ2018 ተቋቋመ። ካሩላ ትንሽና ኮረብታማ ነው፤ ለጸጥታ የሚሄድ ሰው ይወደዋል እንጂ ለዚህ ታሪክ ብዙ አይጨምርም። ሶማ ግን ቆም ብለው ሊያዩት የሚገባ ነው።

ሶማ የረግረግ አገር ነው። ከምሥራቁ ከፍታ የሚወርዱ ወንዞች እዚህ ሜዳ ላይ ይገናኛሉ፤ በረዶው ሲቀልጥ ውሃው በአንድ ጊዜ ይመጣና መውጫ ያጣል። ሜዳው፣ ጫካው፣ መንገዱ ሁሉ በሙላት ይዋጣል። ነዋሪው ይህን ጊዜ አምስተኛው ወቅት ይለዋል፤ አራቱን ወቅቶች ሌላውም አገር አለው። በ1931 ውሃው ከበጋው መጠን በላይ ከአምስት ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ነበር።

እንዲህ ባለ ምድር በሬም ፈረስም አያወጣም፤ የሚያወጣው ታንኳ ነው። የሶማ ሰው ታንኳውን የሚሠራው አስፐን ከሚባል ዛፍ አንድ ግንድ ነው። ግንዱ ከውጭ ይጠረባል፣ ከውስጥ ይቦረቦራል፤ ግድግዳው እስኪሳሳ ድረስ ይፋቃል። እስከዚህ ድረስ ያለው በየትኛውም አገር የሚታይ ሙያ ነው። ጥበቡ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ታንኳው በእሳት እየሞቀ በውሃ እየራሰ ጎኖቹ በጥንቃቄ ወደ ውጭ ይከፈታሉ፤ ጠባቡ ቦይ እየሰፋ ሄዶ ሆዱ ክብ የሆነ ጀልባ ይሆናል። እሳቱ ከበዛ ይቃጠላል፤ እጅ ከቸኮለ ይሰነጠቃል፤ ያን ጊዜ የሳምንታት ድካም ማገዶ ሆነ ማለት ነው። ባለሙያዎቹ ጥቂት ስለሆኑ ዩኔስኮ በ2021 ይህን ሙያ አስቸኳይ ጥበቃ ከሚያስፈልጋቸው የማይዳሰሱ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ፓርኩ ባይኖር መንደሩ ባዶ ይቀር ነበር፤ መንደሩ ባዶ ቢቀር ሙያውም ከሰዎቹ ጋር በተቀበረ ነበር።

ማትሳሉም ያለ ሰው እጅ አይቆምም። ከ280 በላይ የወፍ ዝርያ የታየበት ይህ ባሕረ ሰላጤ በ1976 የራምሳር ረግረጋማ ስፍራ ተብሎ ተመዝግቧል። የካሳሪ ወንዝ የሚያጥለቀልቀው ሰፊ መስክ ለወፎቹ የሚመቸው ሣሩ ሲታጨድና ከብት ሲግጠው ነው። በ1990ዎቹ የኅብረት እርሻዎቹ ሲፈርሱ ከብቱ ጠፋ፤ ቁጥቋጦና ሸምበቆ መስኩን ወረሰው። ስለዚህ መንግሥት ገበሬው እንዲያጭድና እንዲያግጥ ይከፍለዋል። ብዙዎቻችን ፓርክ ሲባል ከብት የሚባረርበት ቦታ ይመስለናል፤ እዚህ ከብቱ የሚጋበዝ እንግዳ ነው።

በመስከረምና በጥቅምት ክሬን የሚባሉት ረጃጅም እግር ያላቸው ግራጫ ወፎች በሺህ የሚቆጠሩ ሆነው በማትሳሉ ይሰበሰባሉ። ቀን በየማሳው ይለቅማሉ፤ ሌሊት ጠላት እንዳይደርስባቸው ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ። የኢስቶኒያ ተመራማሪዎች በአንዳንዶቹ ላይ በሳተላይት የሚከታተል መሣሪያ አስረው ሲያዩ፣ ከፊሎቹ ዩክሬንን፣ ጥቁር ባሕርንና ቱርክን አልፈው ኢትዮጵያ ደረሱ። ጣና ዙሪያ አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ ቃርሚያ ሲለቅሙ ከሚታዩት ክሬኖች መካከል በኢስቶኒያ ረግረግ ውስጥ የተፈለፈሉ አሉ ማለት ነው። የፎገራና የደምቢያ ገበሬ እነሱን ታግሦ ማስተናገዱ፣ ሳይታወቀው፣ ለዚያ ፓርክ ሥራ ድርሻ መሆኑ ነው።

አሁን ወደማይወደደው ምዕራፍ ልለፍ። ላሄማ ሲቋቋም የራሱ አስተዳደር፣ የራሱ ዳይሬክተር፣ የራሱ ተመራማሪዎች ነበሩት። የመንደሩ ሰው ቤቱን ሊያድስ ቢፈልግ፣ ዛፍ ሊቆርጥ ቢያስብ የሚሄድበትን በር ያውቅ ነበር። በ2006 የፓርኮቹ አስተዳደሮች በአንድ የመንግሥት የተፈጥሮ ጥበቃ ማዕከል ተጠቃለሉ፤ በ2009 ደግሞ ያ ማዕከል ወደ አካባቢ ጥበቃ ቦርድ ገባ። በዚያው ጊዜ የእንግዳ ማስተናገዱ ሥራ ለመንግሥት ደን አስተዳደር ማዕከል ተሰጠ፤ አገሬው በአጭሩ ኤር ኤም ካ ይለዋል። ወጪ ለመቀነስ ነው ተባለ፣ ሥራ ለማቀላጠፍ ነው ተባለ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ፓርኮቹ በካርታው ላይ እንዳሉ ናቸው፤ እንደ ተቋም ግን ባለቤታቸው ማን እንደሆነ መለየት አስቸጋሪ ሆነ።

ለፍትሐዊነት ያህል፣ ኤር ኤም ካ እንግዳን በማስተናገድ አይታማም። በየጫካው የእሳት ማንደጃ ስፍራ አዘጋጅቷል፤ የእንጨት ጠረጴዛ፣ ሽንት ቤት፣ የተቆራረጠ ማገዶ የተደረደረበት መጠለያ። ማደሪያ ጎጆዎችም አሉ፤ ቀድሞ የደረሰ ያድርባቸዋል፣ ለኋለኛውም ቦታ ይለቅቃል። ይህ ሁሉ በነጻ ነው። ከላሄማ ጫፍ ከኦአንዱ ተነስቶ እስከ ላትቪያ ድንበር ኢክላ ድረስ የሚዘልቅ 375 ኪሎ ሜትር የእግር መንገድ ምልክት ተደርጎለታል። ላሄማ ውስጥ ባለው በቪሩ ረግረግ ላይ የተዘረጋው የሳንቃ መንገድ ደግሞ እግር ሳይረጥብ በሳረንስትና በጥቃቅን ኩሬዎች መሐል ያሻግራል። እዚያ ያሉት ጥዶች ከሰው ቁመት ብዙም አይበልጡም፤ ችግኝ ይመስላሉ፤ ከመቶ ዓመት በላይ የኖሩ ግን ብዙ ናቸው። ከመንገዱ ወደ አንድ ጎን ሲያዩ በሶቪየት ዘመን የረግረጉ አፈር ለማገዶና ለእርሻ ተቆፍሮ የወጣበት ገላጣ መሬት ይታያል። በዓመት አንድ ሚሊ ሜትር ያህል የሚያድግ አፈር በምን ያህል ፍጥነት እንደሚጠፋ ከዚያ የተሻለ አስተማሪ የለም።

ችግሩ ይኸው ኤር ኤም ካ የአገሪቱን ደን ግማሽ ገደማ የሚያስተዳድር፣ እንጨት ቆርጦ ሽጦ ለመንግሥት ገቢ የሚያስገባ ድርጅት መሆኑ ነው። በብሔራዊ ፓርኮች ውስጥ ምንም የማይነካባቸው ክልሎች አሉ፤ አጠቃቀሙ በገደብ የሚፈቀድባቸው ክልሎችም አሉ፤ በእነዚህ በኋለኞቹ ደን ይቆረጣል። መሬቱ ከነጻነት በኋላ ለቀድሞ ባለቤቶቹ ወራሾች ስለተመለሰ ቆራጩ መንግሥት ብቻ አይደለም፤ የግል ባለ ደንም አለ። ኢስቶኒያ ለማሞቂያ የሚሆን የተጨመቀ እንጨት ወደ ውጭ ከሚልኩ የአውሮፓ አገሮች ዋነኛ ከሆኑት አንዷ ስትሆን ክርክሩ ከረረ። በ2021 የአውሮፓ ኮሚሽን፣ በኅብረቱ የጥበቃ መረብ ውስጥ ባሉ ስፍራዎች ተገቢው ጥናት ሳይደረግ ቆረጣ ይፈቀዳል ብሎ በኢስቶኒያ ላይ ክስ መሰል ሒደት ጀመረ።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው፤ በሞስኮ ዘመን ፓርኩን ያቆመው የኤይላርትና የቶኑሪስት መሪነት ብቻ አልነበረም፤ ፓርኩ የእኔ ነው የሚል ሰው በየመንደሩ መኖሩ ነበር። ነጻዋ ኢስቶኒያ ፓርኮቹን ከአንድ ወደ ስድስት አሳድጋለች፤ ይህ አይካድም። ነገር ግን ጠባቂውንና እንጨት ሻጩን ማቀራረቧ፣ የላሄማንም ዳይሬክተር ማስቀረቷ ስሕተት ነበር። እያንዳንዱ ፓርክ የራሱን አስተዳደር መልሶ ሊያገኝ ይገባል።

በሄልሲንኪ፣ በስቶክሆልም ወይም በሌላ የአውሮፓ ከተማ የምትኖሩ አንባቢዎች ይህን በዓይናችሁ ማየት ትችላላችሁ። ከሄልሲንኪ ታሊን በመርከብ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ከታሊን የቪሩ ረግረግ በናርቫ መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ አውቶቡስም ያልፍበታል። ፓርኮቹ በር የላቸውም፤ መግቢያ አይከፈልም፤ እንጉዳይና የጫካ ፍሬ መልቀም ለማንም የተፈቀደ ነው፣ ጥብቅ ከሆኑት ክልሎች በቀር። ከጸደይ ጀምሮ በሣሩ ውስጥ መዥገር ስለማይጠፋ ረጅም ሱሪና ካልሲ አድርጉ፤ ማታ ስትመለሱም ሰውነታችሁን ፈትሹ።